ብረቱ ሲመታ ማንም ቤት የለም

«እንኳን ደስ ያለሽ!» አለችኝ ጫልቱ፣ ገና ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላጣጥፍ።

ጫልቱ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። የግድግዳ ጎረቤት ማለት እሷ ስታስነጥስ እኔ ከወዲህ ሆኜ «ይማርሽ» የምላት ማለት ነው። ወተት ትሸጣለች፤ ወሬ ግን በነጻ ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትለኝ መጀመሪያ የታወሰኝ ባለቤቴ ነው። የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ ከቤቱ ይልቅ የሚያውቀው በረሃውን ነው።

«መጣ እንዴ?» አልኳት።

«ማን? ኧረ እሱስ አሸዋውን እየቃመ ነው። አንቺ ነሽ እንጂ! ትናንት በስብሰባው የቀበሌው የእሳት አደጋ መከላከያ ኃላፊ ሆነሽ ተመርጠሻል። በበጎ ፈቃድሽ።»

«በማን በጎ ፈቃድ?»

«ባንቺ ነዋ!»

«እኔ ስብሰባው ላይ መች ነበርኩና?»

«ታዲያ ለዚህ አይደል የተመረጥሽው! የመጣ ሰውማ አፍ አለው። ‹አመመኝ› ይላል፣ ‹ልጅ አለብኝ› ይላል። ዝም ብሎ የሚመረጠው ያልመጣ ሰው ነው።»

መቼም ያን ዘመን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በቀበሌያችን ሁሉ ነገር የሚሠራው በበጎ ፈቃደኛ ነበር። የቦኖውን ውሃ የሚከፍተው በጎ ፈቃደኛ፣ መንገዱን የሚጠርገው በጎ ፈቃደኛ፣ ፊደል የሚያስቆጥረው በጎ ፈቃደኛ፣ ቦይ የሚቆፍረው በጎ ፈቃደኛ። በጎ ፈቃደኞቹን የሚመርጠው ደግሞ ኮሚቴው ነው። በጎ ፈቃዱ የኮሚቴው፣ ወገቡ የእኛ።

እኔን ለእሳት ማጨታቸው ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አገሬ ደብረ ታቦር ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ «የሴት ልጅ ድምፅ ከአጥር ካለፈ አጥሩ ፈርሷል ማለት ነው» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። በባል ምክንያት ናዝሬት ከወረድኩ ጀምሮ በዚህ ከተማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዶሮ እንኳ የምጠራው በሹክሹክታ ነው፤ ዶሮዎቼም ለምደውት የሚመጡት ከንፈሬን አይተው ነው። ጥንቃቄ ካላችሁ አዎ፣ እሱስ አለብኝ። የትናንት አመድ ላይ ዛሬ ውሃ የማፈስ ሰው ነኝ። ምናልባት ለዚህ ይሆን ብዬ ለጫልቱ ብነግራት ሳቀችብኝ። «የኔ እናት፣ ስምሽ ፊተኛው መስመር ላይ ነበር፣ በቃ።»

አሁን ስለ ብረቱ ልንገራችሁ። እሱን ካላወቃችሁ የቀረው ሁሉ ተረት ይመስላችኋል።

ናዝሬት የባቡር ከተማ አይደለች? ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ፣ ከግራሩ ላይ፣ የሐዲድ ቁራጭ ተንጠልጥሎ ነበር። በሌላ ብረት ሲመቱት ጥርስ ያነዝራል። የሚመታው ለስብሰባ ነው። ስብሰባ ስላችሁ ደግሞ ገብተው የሚወጡበት እንዳይመስላችሁ። ሊቀመንበራችን ጓድ መኩሪያ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ንግግር ሲጀምር ክር አያልቅበትም። ከምሳ በኋላ የገባ ሰው ጀንበር ስትጠልቅ ከወጣ «ዛሬስ ቶሎ ለቀቁን» ብሎ ያመሰግናል።

የእኛ ረድፍ ግን መላ ነበረው። ቤቶቻችን በአንድ ጣሪያ እንደ ዶቃ የተያያዙ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ብረቱ ሲመታ ሁላችንም ወደየቤታችን እንገባለን። ተረኛዋ ሴት ከውጭ በየበሩ ጓጉንቸር ትቆልፋለች፤ ቁልፎቹን ጡቷ ሥር ትወሽቅና ረድፉን ወክላ ስብሰባ ትሄዳለች። «ሰዎችሽ የት ሄዱ?» ሲሏት «ለቅሶ» ትላለች። የእኛ ረድፍ በዚያ ዘመን የቀበረውን ሰው ብዛት ወረርሽኝ የገባበት አገር አልቀበረም። የኮሚቴው ሰው መጥቶ ቢያይ፣ የሚያየው ቁልፍ ነው። እኛ ከውስጥ ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጣለን። እኔ ዳዊቴን እደግማለሁ፣ በከንፈሬ ብቻ። ውሸት አልተናገርኩም፤ ማንም አልጠየቀኝምና። ይህን የቁልፍ ተራ የሚያስተጓጉል ሰው አልነበረም። ወላድም ብትሆን ተራዋን ለጎረቤት አስረክባ ነው የምትወልደው።

ከረድፉ ጫፍ፣ ከጋራ ማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እማማ በለጡ ናቸው። ከወገባቸው በታች ከያዛቸው ቆይቷል፤ ከአልጋ አይወርዱም። እሳቸው ልጅ የላቸውም፣ እኔም እዚህ አገር እናት የለኝም፤ ተገጣጠምን። ጠዋት ፊታቸውን አጥባለሁ፣ እሳቸው ይመርቁኛል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መጀመሪያ የምሳለመው የእሳቸውን ጉልበት ነው።

እማማም እንደ ሰው ይቆለፍብኝ አሉ።

«አንቱን ደግሞ ማን ስብሰባ ይጠራል?» አለቻቸው ጫልቱ እየሳቀች።

«ባይጠሩኝስ! ሁሉም ቤት ተቆልፎ የእኔ ብቻ ክፍት ሲሆን ‹ይቺስ የማትፈለግ ናት› አይሉም? እኔም የመንግሥት ሰው የሚፈልገኝ ሰው ነኝ። ቆልፊ!»

ተቆለፈላቸው። ብረቱ ሲመታ ከሁላችን በላይ ትንፋሻቸውን የሚውጡት እሳቸው ሆኑ።

አንድ ጊዜ ኮሚቴው ነቃብን። በረድፋችን ፊት «ስኳር መጣ! ኅብረት ሱቅ ስኳር መጣ!» ብለው አስጮኹ። ስኳር ከጠፋ የሰነበተበት ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ዘሎ ወጣ። ስኳር የለም። ያለው ጓድ መኩሪያ ነው፤ ፈገግ ብሎ «እንኳን ደህና መጣችሁ ጓዶች፤ አጀንዳ አንድ…» አለ። ከዚያ ወዲህ ረድፉ ከበር ውጭ የሚጮህን ነገር ላያምን ተማማለ። እኔ መሐላ ስለማልወድ «ይሁን» ብቻ አልኩ።

እንግዲህ የእሳት ኃላፊ የሆንኩት በዚህ ሕዝብ መካከል ነው።

አብረውኝ የተመረጡት ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ። እሳቸውም በምርጫው ቀን አልነበሩም። ሰፈሩ ሁሉ ጎንደሬዋ ሲለኝ እሳቸው ብቻ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ንብረታችን ቀይ ቀለም የተቀባ በርሜል ውሃ፣ ሁለት ባልዲ አሸዋና አንድ መሰላል ነው። መሰላሉ በሳምንቱ ለአብዮት በዓል ጌጥ ለመስቀል ተወስዶ ቀረ። አሸዋው ላይ የሰፈሩ ድመቶች ሁሉ ተስማሙበት። በርሜሉን ደግሞ ማታ ሞልተን ጠዋት ባዶ እናገኘዋለን። ቦኖው ሲዘጋ ሴቱ ሁሉ ልብሱን የሚያጥበው በእሳቱ ውሃ ነው።

ለመንን፣ መከርን፣ ጋሽ ቶሎሳ በርሜሉ ላይ ወንበር አድርገው ተቀመጡበት። አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ከማርያም አንድ ጠርሙስ ጠበል አምጥቼ በርሜሉ ውስጥ አፈሰስኩ፤ ለጫልቱም «ጠበል አለበት» አልኳት። ለጫልቱ መንገር ለከተማው መንገር ነው። በጠበል ልብስ የሚያጥብ የለምና፣ በቃ ውሃችን ተጠበቀ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ በርሜሉ ዘንድ ሰልፍ አለ። አንዷ ለሆድ ቁርጠት ትጠጣለች፣ አንዷ ልጇን ታጠምቃለች፣ የሙስሊሟ የዘሃራ እናት ሳይቀሩ ለዓይናቸው በጣሳ ይዘው ሄዱ። ጓድ መኩሪያ ሰምቶ መጣ።

«ጓዲት! በአብዮታዊ በርሜል ውስጥ ጠበል?» ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሲበተን ጠጋ አለና «ለወገብ ይሆናል?» አለኝ።

ጋሽ ቶሎሳ በርሜሉን በእጃቸው ኳ አደረጉት። «ኢንተላ ኮ፣ ድሮ ውሃው ልብሳቸው ላይ ነበር። አሁን ሆዳቸው ውስጥ ነው። እሳት ሲመጣ ሕዝቡን ነው የምናፈሰው።»

ከዚያ ከከተማው አሠልጣኝ መጣ። «ኡኡታ ኋላ ቀር ልማድ ነው» አለን። «ሽብር ይነዛል። እሳት ሲነሳ ማንም አይጮህም። ብረቱ ይመታል፣ ሕዝቡም በሥርዓት ይሰበሰባል።» እውነት ለመናገር እኔ ደስ አለኝ። መጮህ አልችልበትም።

ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን አወጡ። «ጌታዬ፣ ብረቱ ለስብሰባም ይመታል፣ ለእሳትም ይመታል። ሰው በምን ይለየዋል?»

«ለስብሰባ ቀስ ተብሎ፣ ለእሳት ቶሎ ቶሎ።»

«ጓድ መኩሪያ ለስብሰባም ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታው።»

አሠልጣኙ ጓድ መኩሪያን አየ፤ ጓድ መኩሪያ ግራሩን አየ። ጭብጨባ ሆነና ተበተንን።

ያ ቀን እንዲህ ነው የመጣው።

የናዝሬትን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከሸለቆው ሲነሳ ቆርቆሮን እንደ መጽሐፍ ነው የሚገልጠው። በዚያ ነፋስ ከምሳ በኋላ ከወፍጮ ቤት ዱቄቴን አዝዬ ስመለስ፣ ከረድፋችን ጀርባ፣ ከጋራ ማድ ቤቱ ክዳን ጢስ ሲወጣ አየሁ። የወጥ ጢስ አይደለም። ጥቁር ነው፣ ይጠቀለላል። አንዱ ከሰሉን ሳያዳፍን ሄዷል። የማን ከሰል እንደነበረ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ በጋራ ማድ ቤት ከሰሉም የጋራ ነው።

ከማድ ቤቱ ግድግዳ ማዶ እማማ በለጡ አሉ።

ዱቄቱን መንገድ ላይ ጣልኩት። እግሬ ወደ እማማ ሊሮጥ ሲል መመሪያው ትዝ አለኝ። የታዘዝኩትን ማድረግ ደሜ ውስጥ ነው፤ ይኸው ጥንቃቄዬ ያን ቀን ሰው ሊገድል ነበር። ብቻዬን ገብቼ አልጋ ላይ የዋለች ሴት አላነሳም፣ ሰው ያስፈልገኛል ብዬ ወደ ግራሩ ሮጥኩ። ብረቱንም መታሁት። ቶሎ ቶሎ። የመላእክት አለቃ ቅዱስ ሚካኤልን እየጠራሁ፣ ጥርሴ እስኪነዝር።

አያችሁልኝ? መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እንደ ቁራ መንጋ ተነሳ። ሱቆች ጥርቅም ጥርቅም አሉ። ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ግማሽ ራሱ የተላጨ ሰው ፎጣውን እንዳንጠለጠለ ወጥቶ ቀጥ ብሎ አየኝና ወደ ሌላ አቅጣጫ በረረ። ወደ እኔ ትመጣ የነበረች ሴት ዞራ ሮጠች። በመታሁት መጠን መንገዱ ባዶ ሆነ። ሕዝቡ ሸሸ፤ ከእሳቱ ሳይሆን ከእኔ።

ያኔ ነው የገባኝ። ወየው ለእኔ! የቁልፍ ተራ!

ሮጬ ስደርስ በየበሩ ጓጉንቸሩ ተሰቅሏል። ነፋሱ ጢሱን ወደ ኋላ ስለሚነዳው ከረድፉ ፊት ለፊት ምንም አይታይም፤ ተረኛዋ ጫልቱም ምንም ሳታይ ሁሉንም ቆልፋ፣ ቁልፎቹን ጡቷ ሥር ከትታ፣ በአቋራጭ መንገድ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ሄዳለች። እንደዚያን ቀን ተግታ ቆልፋ አታውቅም፤ ብረቱ ቶሎ ቶሎ ተመትቷልና።

የመጀመሪያውን በር ደበደብኩ። «እሳት ነው! ውጡ!» አልኩ፣ በእኔ አቅም፣ ማለት ለሌላ ሰው በሹክሹክታ።

ዝም።

ሁለተኛውን በር። ከውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ማን ናት?» «ጎንደሬዋ። እሷ እኮ አሁን የኮሚቴ ሰው ሆናለች።» «ምን ትላለች?» «እሳት።» «ባለፈው ስኳር ነበር፣ ዛሬ እሳት? ወይ መሻሻል!»

«እናንተ ሰዎች፣ በማርያም!» አልኩ።

«ሰማሽ? በማርያም አስብለዋታል። ግፍ ነው እኮ!»

የእማማ በለጡ በር ጋ ደረስኩ። ያላቸው አንድ መስኮት በማድ ቤቱ በኩል ነው፤ እሳቱ አያስጠጋም። የበሩ ቁልፍ ፍንክች አይልም።

«እማማ! እኔ ነኝ! እሳት ነው!»

ዝም አሉ። ትንፋሻቸውን ሲውጡ ይሰማኛል። ከዚያ አሳል ያዛቸውና ሊያፍኑት ሲታገሉ ሰማሁ።

«እማማ፣ እየሰማሁ ነው፣ ይመልሱልኝ!»

«ቤት የለሁም!» አሉ።

አልሳቅኩም። ዛሬ ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያን ሰዓት ግን በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። ጢሱ በጣሪያው ሥር ሲገባ ቆርቆሮው ጧ ጧ ይል ጀመር።

ጋሽ ቶሎሳ በርሜሉን እያንከባለሉ መጡ። ባዶ በርሜል በድንጋይ መንገድ ላይ ሲንከባለል የሚያሰማውን ጩኸት አስቡት፤ ውስጥ ያሉት ታንክ የመጣ መስሏቸው ይበልጥ ጸጥ አሉ።

«ውሃው?» አልኳቸው።

«አንድ ጣሳ ቢገኝ ነው። ቀሪውን ጠጥተውታል።»

ወዲያው ጓድ መኩሪያ ካኪውን እየቆለፈ፣ ከምሳ ተነስቶ አፉን እየጠረገ ደረሰ። «ማን ነው ያለ እኔ ዕውቅና ስብሰባ የጠራው? አጀንዳው ምንድን ነው?»

«እሳት ነው አጀንዳው!» አሉት ጋሽ ቶሎሳ።

«በጽሑፍ ቀርቧል?» ብሎ ሲጀምር ነፋሱ ዞረና ጢሱን አፉ ውስጥ ሞላው። በሕይወቴ ጓድ መኩሪያ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ልጄ፣» አሉ እማማ ከውስጥ። ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። «ልጄ፣ ይሄ ጢስ የእውነት ነው?»

ያን ጊዜ የአባቴ አጥር ፈረሰ።

ከየት እንደወጣ አላውቅም። ደብረ ታቦር ሳለሁ ዱር እሳት ሲይዘው፣ ወንዝ ሰው ሲወስድ፣ ሴቶቹ ሲጮኹ የሰማሁት ነው። እኔ ጮኼ አላውቅም ነበር። «ኡኡኡ! ኡኡኡ! የሰው ያለህ! የወገን ያለህ! ኡኡኡ!» ድምፄ ጉሮሮዬን ቀዶት ወጣ። ዶሮዎቼ ከአጥር ዘለው ጠፉ። ጋሽ ቶሎሳ ዞረው አዩኝ፤ በርሜሉን ለቀቁና እሳቸውም ቀጠሉ። «ኡኡ! ኢቢዳ! ኢቢዳ! ያ ኦላ!» እሳት ነው፣ ጎረቤት ያለህ ማለታቸው ነው።

ጮኸን ዝም ስንል ጸጥ አለ። ነፋሱ ብቻ። እውነት እላችኋለሁ፣ በዚያች ጸጥታ ውስጥ «የወገን ያለህ» ያልኩት ለማን ነው ብዬ አሰብኩ። ወገኔ ደብረ ታቦር ነው። ባሌ አሰብ ነው። እዚህ ከተማ ጎንደሬዋ ከማለት በቀር ስሜን የሚያውቅ የለም።

ከግንቡ ማዶ፣ ከከባድ መኪኖቹ ማቆሚያ በኩል፣ አንድ የወንድ ድምፅ መጣ።

«አለሁ! መጣሁ!»

እሱን ተከትሎ ከሌላ ወገን «መጣን! አለንልሽ!» አለ ሌላው። ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ሰው ስብሰባ በኡኡታ እንደማይጠራ ያውቃል። የረድፋችን መስኮቶች በአንዴ ተበረገዱ። አንዱ ከነድስቱ ወጣ፣ አንዷ ከነልጇ። ከጫልቱ መስኮት ደግሞ አንዲት ሴት በራሷ ቁልቁል ወጥታ መሬት ስትደርስ ቀና ብላ ያየችው ጓድ መኩሪያን ነው። ባለቤቱ ናት፣ ወይዘሮ ዘነበች። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ለቅሶ ነበርኩ» የምትለው ለካ እኛ ዘንድ ነው የምታለቅሰው!

«ዘነበች?» አለ።

«እሳቱን አጥፋ!» አለችው።

አሸዋው በባልዲ፣ አፈሩ በአካፋ፣ ጠላው በጋን ተደፋ። የእማማ በር ግን አልተከፈተም። ሰው ሁሉ ጓጉንቸሩን ይጎትታል። «ጫልቱ የት አለች? ቁልፉን!» ይጮኻል። እኔ በጡጫ በሩን እደበድባለሁ፣ እጄ ደምቷል።

«ልጄ!» አሉ እማማ እያሳሉ። «ብረቱን የመታሽው በምንድን ነው?»

«በብረት ነዋ እማማ!»

«የት ጣልሽው?»

እጄን አየሁ። ከግራሩ ጀምሬ ይዤው ነው የምሮጠው። በቀኝ እጄ መምቻውን ብረት ጨብጬ፣ በግራ እጄ ነበር በር የማንኳኳው!

አንዴ ሳትኩ። ሁለተኛ በሩን አጎደጎድኩ። በሦስተኛው «በስመ አብ!» ብዬ ሳሳርፍበት ጓጉንቸሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ወደቀ። ጢሱ እንደ ተቆጣ ሰው ፊቴን ገፋኝ። ልገባ ስል አንድ ሰው በትከሻው ወደ ጎን አደረገኝ፤ ራሱ ላይ የራሰ ጆንያ ደፍቷል፣ ፊቱ አይታይም። «አለሁ» አለኝ። ያው ድምፅ ነው። ገብቶ እማማን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ እሳቸው በጀርባው ላይ «ቀስ ልጄ፣ ቀስ» እያሉ። ግራሩ ሥር አስቀመጣቸው፤ ጆንያውን ትከሻቸው ላይ ጣለላቸውና እሳቱ ዘንድ ተመለሰ። ከዚያ ጣሪያው ወረደ።

ማድ ቤቱና የእማማ ክፍል ሄደ። ሰው አልሄደም። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ጫልቱ የመጣችው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አዳራሽ ደርሳ ብቻዋን ተቀምጣ፣ «ሰዎችሽስ?» የሚላት ብታጣ ተገርማ ስትጠብቅ ቆይታለች። የእማማን በር ስታይ ቁልፎቹን ከጡቷ አውጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ ስትጀምር እማማ ጠሯት። «ነይ እዚህ፣ አንቺ ደነዝ። ቆልፊብኝ ያልኩ እኔ።»

በማግስቱ ብረቱ ተመታ። ያን ቀን ማንም አልተደበቀም፤ የሚደበቅበት ድፍረት አልነበረም። አዳራሹ ሞላ። ከላይ የመጣ አንድ ሰው ከጓድ መኩሪያ ጎን ተቀምጧል። ፈገግታ የለውም። በዚያን ዘመን ከስብሰባ መቅረት እንዴት እንደሚተረጎም ለማታውቁ፣ ባታውቁት ይሻላል ብዬ ልለፈው። ጫልቱ ከአጠገቤ ናት፤ ባሳለች ቁጥር ቁልፎቹ ጡቷ ሥር ሲንቃጨሉ ይሰማኛል። ምን አለ ዛሬ እንኳ ቤት ብትተዋቸው!

«የእሳት አደጋ ኃላፊዋ ትነሳ» አለ ሰውዬው። ተነሳሁ። «በመመሪያው መሠረት ብረቱ ተመትቷል?»

«ተመትቷል ጌታዬ።»

«ሕዝቡ የት ነበር?»

«ቤቱ።»

«በሮቹ ከውጭ ተቆልፈው ነበር ተብሏል። ሰው ቤቱ ሆኖ በሩ ከውጭ እንዴት ይቆለፋል?»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። መዋሸት አልችልም። ጫልቱን መስጠትም አልችልም። በልቤ «እመቤቴ፣ ቃል ስጪኝ» አልኩ።

«ቁልፍ የሚቆልፍ በጎ ፈቃደኛ አለን» አልኩ።

«በጎ ፈቃደኛ? በየትኛው ስብሰባ ተመረጠ?»

«አልተመረጠም ጌታዬ። ማንም አልመረጠውም። በፈቃዱ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በአሳል ሸፈነ። ሰውዬው ወደ ጓድ መኩሪያ ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ነገር ይጣራ። በየቤቱ ተቆልፎ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ይታወቅ።»

ጓድ መኩሪያ ፊተኛው ወንበር ላይ ወደ ተቀመጠችው ወይዘሮ ዘነበች አየ። እሷም ግንባሯ ላይ ከመስኮቱ የቀረባትን እብጠት ይዛ አየችው። ከዚያ ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ ቆረጠ።

«ጓዶች፣ እሳቱ ጠፍቷል» አለ። «ሰው ተርፏል። አጀንዳው ተዘግቷል።»

በቀበሌያችን ታሪክ አጭሩ ንግግር ያ ነው። እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን።

እማማ በለጡ እኔ ዘንድ ገቡ። እስኪያርፉ ድረስ አንድ ጣሪያ ሥር ኖርን። በሬን ግን ከዚያ ወዲያ ማንም ከውጭ አልቆለፈውም፤ ብረቱ ሲመታ እሄዳለሁ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ዳዊቴን በከንፈሬ እደግማለሁ። እማማ ማታ ማታ ሲጸልዩ የሁላችንን ስም ይጠራሉ። የእኔን፣ የባለቤቴን፣ የጋሽ ቶሎሳን፣ የጫልቱን፣ የጓድ መኩሪያን ሳይቀር። መጨረሻ ላይ ይቆማሉ። «ያ ጀርባው ርጥብ የነበረው ልጅስ ማን ነው ስሙ?» ይሉኛል። «አላወቅሁም እማማ» እላለሁ። «ጠይቂ» ይሉኛል። ጠየቅሁ። መኪና ማቆሚያው ዘንድ ሾፌሮቹን ጠየቅሁ፤ ጋሽ ቶሎሳም በኦሮምኛ ጠየቁልኝ። አንዱ ወደ ሻሸመኔ የሚጭን ረዳት ነው አለ፣ አንዱ ለሶደሬ መንገድ ሥራ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው አለ። ሁሉም አየሁት አለ፤ ስሙን የያዘ ግን የለም። እማማ ሲያርፉም የመጨረሻ ጥያቄያቸው እሱው ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን በዚያ ረድፍ ጀርባ የነበራችሁ፣ አፈር የዛቃችሁ፣ ጠላችሁን የደፋችሁ፣ በመስኮት የዘለላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። ያን ሰው የምታውቁት ካላችሁ ስሙን ላኩልኝ። የክርስትና ስምም ይሁን፣ የእስልምናም ይሁን፣ ሰፈር ያወጣለት ቅጽልም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ፈጣሪ በየትኛውም ቢጠሩት ያውቀዋል። ራስህ ታነበው ከሆነ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ አትፈር። ለምስክርነት አይደለም፣ ለስብሰባም አይደለም። ከእማማ ጸሎት መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ቀርቷል፣ እሱን ልሞላ ነው። እንደዚያን ቀን «አለሁ» በለኝ፣ ይበቃል።